ከአልጋው እስከ መስኮቱ

ሰኞ፣ ጥር 6

የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው እማዬ በየቀኑ የምትሠራውን የምመዘግብበት ደብተር እንድገዛ ነገረኝ። ገዛሁ። ከፊት የእሷን እመዘግባለሁ፤ ከኋላ ገልብጬ የራሴን። የኋላውን ማንም አይጠይቀኝም።

እማዬን ስትሮክ የመታት ኅዳር 19 ጠዋት፣ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት። አፏ ተረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ድምፅዋ ዛሬም ያው ነው፣ አንድ ቃል አይጎረብጠውም። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት። መኝታ ቤቱን ለቅቄላት ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ወደ ሕክምናው እወስዳታለሁ፤ ቤት መልሻት ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ቀን ቀን ጎረቤቴ ብቅ እያለች ታያታለች።

ዛሬ ሁለቱን ብረቶች ግራና ቀኝ ይዛ አምስት እርምጃ ሄደች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ላብ በላብ ሆና ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ሎሚ ቀለም ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ልጇ ደግፋት ገባች። ልጇ እንደነገረችኝ እሷንም የመታት በዚያው ሳምንት ነው፤ እሷንም ቀኝ ጎኗን። ከእማዬ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ብረቱን ይዛ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች። አሥራ አራት ቆጠርኩ።

ታክሲ ውስጥ እማዬ "አምስት ሄድኩ እኮ" አለችኝ። "አዎ" አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥር 8

በጥድፊያ። እማዬ ስድስት። ሎሚዋ (ስሟን ስላልጠየቅሁ እንዲህ ብያታለሁ) አሥራ ስድስት። ዛሬ ከእኛ ቀድመው ነው የመጡት፤ ስንገባ ተቀምጠው አገኘናቸው። የሰው ትጋት። ከእንግዲህ እኛም በጊዜ። ሥራ አርፍጃለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10

እማዬ ወሬ ታበዛለች። ሁለት እርምጃ ትሄድና ቆማ ባለሙያውን ስለተወለደችለት ልጅ ትጠይቀዋለች። እሱም ጉደኛ ነው፣ ቆሞ ይመልስላታል። ዛሬ ደግሞ በስልክ ቤት ዘመኗ አንድ ሰውዬ መስመር ተሳስቶ ሌላ ሴት ያገኘ መስሎት የገዛ ሚስቱን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያሞካሻት እንደቆየ አወራች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የሎሚዋ ልጅ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠግታ ነበር የምትሰማው። ሎሚዋ ግን ቁጥብ ናት። ፈገግ ትላለች እንጂ ትንፍሽ አትልም፤ ጸጥ ብላ ሥራዋን ትሠራለች።

ውጪ ስንወጣ "እማዬ፣ የመጣነው ለጨዋታ አይደለም" አልኳት። "ሴትዮዋን አየሻት? አንድ ቃል አታባክንም።"

እማዬ አየችኝና "እሺ" አለች።

ስምንት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሰብስቦን የቆረጣ ክፍሉን አዲስ ኃላፊ አሳወቀን። መቀስ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ ናት። የዛሬ አምስት ዓመት ስትመጣ ጨርቅ በየት በኩል እንደሚነጠፍ አታውቅም ነበር። እኔ እዚህ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አጨበጨብኩ። ሄጄም ሳምኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ "ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ" አለች። ባትለው ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ክር ልወስድ ዕቃ ቤት ስገባ ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሰፊዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ እጇ ጥሩ ነው፣ ግን ቀስ ትላለች አለች። ሌላዋ፣ ኑሮዋም ቀስ ያለ ነው አለች። ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ክሩን ሳልይዝ ወጣሁ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይኸው ነው።

ቤት ስገባ የእማዬን እግር ዘጠና ጊዜ እያነሳሁ አወረድኩ። ባለሙያው ያዘዘው ሠላሳ ነው።

እሑድ፣ ጥር 19

ታላቅ ወንድሜ ከሚሠራበት ከተማ ደወለ። የባልደረባው እናት እንደዚሁ ተመትታ በሁለት ወሯ ለብቻዋ ገበያ ወጣች አለኝ። "የእኛዋስ?" አለ። የእኛዋ አሥር ሄደች አልኩት። የሄደችው ስምንት ነው።

ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። "አሥር ገባሽ አሉኝ" ሲላት ሰማሁት። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል "አዎ ልጄ፣ አሥር" አለችው።

ሰኞ፣ ጥር 27

ባለ አራት እግር ምርኩዝ ተሰጣት። ቀላል ብረት ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ከፊት እያስቀደሙ የሚደገፉት። ቀኝ እጇም ትንሽ ትንሽ መጨበጥ ጀምሯል።

ሎሚዋ ዛሬ ያለ ምንም ድጋፍ እስከ በሩ ሄደች።

ባለሙያውን ኮሪደር ላይ ይዤ እማዬ ለምን ወደኋላ እንደቀረች ጠየቅሁት። ሁለቱ የተጎዱት አንድ ቦታ ላይ አይደለም አለኝ። "እማማ በራሳቸው መንገድ ጥሩ እየሄዱ ነው፤ ከሰው ጋር አታወዳድሪያቸው። እንዲያውም በአንድ በኩል እማማ..." ብሎ ሲጀምር ሰዓቴን አየሁና አመስግኜው ሄድኩ። መቼም ለሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።

ከወዲያኛው ሰኞ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድመን እየደረስን ነው። እነሱ አሁንም ይቀድሙናል። እማዬ ወሬ ቀንሳለች። ጥሩ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 3

ለቤት ውስጥ የራሴን ፕሮግራም አወጣሁ። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ በእኔ እግር ስድስት እርምጃ ነው፣ በእሷ አሥራ አንድ። ጠዋት አንዴ፣ ከሥራ ስመለስ ሁለቴ። ዛሬ በምርኩዟ ሄዳ ደረሰች። መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጌላታለሁ። ተቀመጠችና መንገዱን ቁልቁል እያየች "እፎይ፣ ሰው አየሁ" አለች። ትንሽ ልቆይ አለችኝ። ተመልሰሽ ደግመሽ ትመጫለሽ አልኳት።

ስትመለስ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ደከመኝ፣ ቁንጥንጤ" አለችኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላት ያወጣችልኝ ስም ነው።

ተናደድኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ሰው እኮ ያለ ምርኩዝ እየሄደ ነው አልኳት ብቻ። ማን ብላ ጠየቀችኝ። ታውቂያታለሽ አልኳት።

ምርኩዙን ሳበችና ከአልጋዋ ጫፍ ተነሳች። ደግማ ሄደች።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ለእሷው ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

አዲሷ ኃላፊ የየቀኑን ቁርጥ በስማችን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀምራለች። ከአራት ቆራጭ ሦስተኛ ነኝ። ለመድረስ ብዬ ዛሬ ከልክ በላይ ደራርቤ አነጠፍኩ። የታችኛው ጨርቅ ተንሸራቶ ኖሮ ሃያ ስድስት የዩኒፎርም እጅጌ ተበላሸ። ልጅቷ አጎንብሳ አብራኝ ለቀመችው። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

እማዬ ምርኩዙን ለመደች። ያለ እሱ ብድግ ማለት ትፈራለች። ባለሙያውን ስጠይቀው ገና ነው አለ። ሁልጊዜ ገና።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እማዬ ወደቀች።

ጠዋት ወለሉን ወልውዬ ነበር። ምርኩዟ መስኮቱ ጋ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ።

ሆስፒታል ነን። ዳሌዋን ነው። ሌላ ጊዜ።

እሑድ፣ የካቲት 10

የቀኝ ዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። ነገ ኦፕሬሽን ትገባለች።

ወንድሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰ። አቅፎኝ አለቀሰ። ቆይቶ ኮሪደሩ ላይ ምርኩዙ የት እንደነበር ጠየቀኝ። ወለል ስወለውል አንስቼው ነው አልኩት። መቼ ነው የወለወልሽው አለ። ጠዋት አልኩት። የወደቀችው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ በስልክ የነገርኩት። ሻይ ሊያመጣልኝ ወረደ።

ሐኪሙም እማዬን እንዴት እንደወደቀች ጠየቃት። እግርጌዋ ቆሜ ነበር። "የራሴ ጥጋብ ነው" አለችው። "ልጄ ሳታየኝ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ።" ሐኪሙ ጻፈው።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ኦፕሬሽኑ ደህና አለፈ ብለውናል። ሕመሙ ግን ከባድ ነው። ስንገለብጣት ጥርሷን ትነክሳለች። እንዲያም ሆና ነርሷን ታስቃለች። ወንድሜ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ፈቃድ ወጥቻለሁ።

ደብተሩን ከፊት በኩል መክፈት አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

የሎሚዋ ልጅ ልትጠይቀን መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ካፖርቷን ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። ስንጠፋባቸው ጊዜ ባለሙያውን ጠይቃ ነው። እናቷንም አምጥታታለች። ሎሚዋ ያንን ሁሉ ኮሪደር በእግሯ አቋርጣ መጥታ እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ የማየው አጥቼ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ቆየሁ።

የእማዬ ፊት በራ። ወዲያው ወሬዋን ያዘች፤ ስለ ጎረቤት በሽተኛዋ ማንኮራፋት፣ ነርሷ መርፌውን ይዛ እሷ ራሷ ዓይኗን እንደምትጨፍን። ሎሚዋ የእማዬን እጅ ይዛ ትሰማለች። አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። "ባ" አለች። "ባ... ባ..." ሁላችንም ጠበቅናት። አልወጣላትም። ራሷን ነቅንቃ ተወችው። እማዬ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ "ልክ ነሽ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት" አለቻትና ወሬዋን ቀጠለች። ሎሚዋ ሳቀች።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ልጅቷ ተከተለችኝ። እናቷ ከተመታች ወዲህ አንድ ሙሉ ቃል ተናግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስሜን ከጠራችኝ ሦስት ወር አለፈ አለች።

"እኔ ቁጥብ ናቸው ብዬ ነበር" አልኳት።

"የእኔ እናት?" ብላ ሳቀች። "ቤታችን እኮ ሬዲዮ አያስፈልገውም ነበር።"

ከዚያ የውሃውን ጆግ ከእጄ ተቀብላ እየቀዳች፣ ወደ ሕክምናው ያን ያህል ቀድመው ይመጡ የነበረው የእማዬን ወሬ ለመስማት እንደሆነ ነገረችኝ። የእማዬን ጨዋታ የሰማች ዕለት እናቷ ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች። በኋላ እማዬ ዝም ስትል ጊዜ የታመመች መስሏት ተጨንቃ ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ አላልኳትም።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ነበር የምቀናብሽ" አለችኝ። "ቁንጥንጤ ብለው ሲጠሩሽ ስሰማ።"

ጆጉ ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ። እኔም ልላት ነበር። ምን ብዬ? የእናትሽን እርምጃ እየቆጠርኩ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

እማዬ ተኝታለች። መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ የትም አልጽፈውም።

ወለሉ ደርቆ ነበር። የወለወልኩት በጠዋት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም። እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ ነበር። በእግር ጣቴ ገብቼ ምርኩዙን ከአልጋዋ አጠገብ አነሳሁና ወስጄ መስኮቱ ጋ አቆምኩት። ስትነቃ አጠገቧ ስታጣው ወደ እሱ ትሄዳለች ብዬ ነው። አንዴ ከሄደች ፍርሃቱ ይለቃታል ብዬ ነው። ሰኞ ሕክምናው ላይ ያለ ምርኩዝ ስትሄድ ሰው ያያል ብዬ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ወጥ ቤት ገብቼ ምንም አልሠራሁም። ከበሩ ኋላ ቆሜ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ እግሯን። እየቆጠርኩ ነበር። አንድ። ሁለት። ቆም አለች። ሦስት። ደስ አለኝ። እናቴ ናት፣ ትችላለች አልኩ። አራት። ከዚያ ያ ድምፅ።

ያን ዕለት ቅዳሜ ስለሆነ ፋብሪካው የሠራነው ግማሽ ቀን ነበር፤ ሰሌዳው ላይ አራተኛ ሆኜ ነበር የወጣሁት። ይህ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል እላለሁ። አላውቅም። ግን ምርኩዙን ይዤ ስሄድ የማስበው ስለ እማዬ እግር አልነበረም። እሱን አውቃለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ቤት ከገባን አምስተኛ ቀናችን። አጥንት ሐኪሙም የእንቅስቃሴ ባለሙያውም አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገሩኝ፤ ካሁን በኋላ ያለ ድጋፍ ትሄዳለች ብለሽ አትጠብቂ። በምርኩዝ ቤት ውስጥ፣ ውጪ በተሽከርካሪ ወንበር። ሳትወድቅ በፊት ባለሙያው ለክረምት ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች ብሎ አስቦ ነበር። ይህን የነገረኝ ስለጠየቅሁት ነው። ባልጠይቀው ኖሮ እላለሁ፤ ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ እላለሁ።

ፋብሪካ ተመለስኩ። ኃላፊዋ ሳልለምናት ከሰዓት ፈረቃ አደረገችኝ፤ ጠዋት ከእናትሽ ጋር ትሆኛለሽ አለች። መልካም ልጅ ናት። አሁንም ግን ስሟን ሰሌዳው አናት ላይ ሳየው ቅር ይለኛል። ልዋሽ አልችልም። እኔ በራሴ እጅ ልክ እየቆረጥኩ ነው። ከአራት ሰው አራተኛ ነኝ። ጨርቅ ግን አላበላሸሁም።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

ወደ ሕክምናው ተመለስን። ከዜሮ። እማዬ ሁለቱን ብረቶች ይዛ ቆመች፤ መቆም ብቻ። ሎሚዋና ልጇ ቀድመው ደርሰው ነበር። እማዬ ቆማ አወራች፤ ባለሙያውም ሥራውን ትቶ ሰማት፣ እኔም ሰማሁ። የስልክ ቤቱን ሰውዬ ታሪክ ደገመችው። ለካ መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም ኖሯል። ሚስትየዋ ድምፁን አውቃው ነበር፤ ዝም ያለችው ሙገሳው እንዳይቋረጥባት ነው።

ባለሙያው የድሮውን መዝገብ ልይ ብሎ ደብተሩን ተቀበለኝ። ከፊት በኩል ገለጠው። በየቀኑ ከእማዬ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር አለ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። "ይሄ ሁለተኛው ምንድን ነው?" አለኝ። ቀና ብሎ ሎሚዋን አየ። ከዚያ ደብተሩን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ምንም የለም። እማዬ ያማታል። ዝናብ። እጇን ሳሽላት ተኛች።

ልነግራት ጀመርኩ፤ ወሬ ለወጠችብኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 22

ዛሬ ነገርኳት።

ወንድሜ ከሰዓት እንደሚመጣ ደውሎ ነበርና ልንቀበለው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በወንበሯ ልወስዳት አስበን ነበር። ሹራቧን አልብሻት፣ ቁልፎቹን ልቆልፍላት ስል "ተይው፣ እኔው" አለች። በግራ እጇ ጀመረች። አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ሆኜ ቢሆን አልናገረውም ነበር።

"እማዬ፣ ያን ዕለት ምርኩዙን ከአጠገብሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት።

"አልተኛሁም ነበር። ዓይኔን ገርበብ አድርጌ በእግር ጣትሽ ስትሄጂ እያየሁሽ ነበር። እንደ ሕፃን ነበር የምትሄጂው።"

ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም አልኳት። ለምን አንቺ ምን ሆነሻል፣ መልሽው አላልሽኝም።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳችና እንዴት ብላ እንደምትለው ያሰበች መሰለች።

"መስኮቱ ጋ ደርሼ ብታገኚኝ ደስ ይልሻል ብዬ ነዋ" አለች። "ደስ ብሎሽ ካየሁሽ ቆይቶ ነበር።"

ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። ይቅር በይኝ ያልኩ ይመስለኛል። በግራ እጇ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ተይ እንግዲህ፣ ሹራቤን አበሰበስሽው አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እንድትለኝም አልጠየቅኋትም።

አውቶቡሱ ሳይደርስ አይቀርም። ወንድሜ መንገዱን ያውቀዋል፣ ይመጣል። እማዬ ወደ ቁልፎቿ ተመልሳለች። ሦስተኛው አልገባ ብሏታል፤ ታስገባዋለች፣ ያመልጣታል። ይህን የምጽፈው እዚያው አጠገቧ ሆኜ ነው። ስልክ ቤት የተቀጠረች ዕለት ምን ለብሳ እንደሄደች እያወራችኝ ነው፤ እየሰማኋት ነው።